ምጣዱ እናቴን ነዘራት፤ የድሮ ቤት መስመር ሲታደስ ከየት ይጀመራል?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐሙስ ጠዋት እናቴ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ነዘራት። ሊጥ ፈሶባት ወለሉን ስታጥበው እርጥብ ነበር፤ የቆመችውም በባዶ እግሯ ነው። አክንባሎውን ልታነሳ ስትል እጇ የምጣዱን ቆርቆሮ ነካና ያዛት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወደ ኋላ ወደቀች እንጂ ተጣብቃ አልቀረችም። ክንዷ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ደንዝዞ ዋለ። 68 ዓመቷ ነው።

ቤቱ አባቴ በ1960ዎቹ አጋማሽ የሠራው የጭቃ ቤት ነው፤ ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ በሚወርደው የድሮ ሰፈር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። ሽቦው ግድግዳው ላይ በሚስማር የተያዘ፣ ባለ ሁለት ዘር ነው፤ ሦስተኛ ዘር፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው ኤርዝ፣ የለውም። ከቆጣሪው ሥር ያለው የሸክላ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ታናሽ ወንድሜ ከአሮጌ ገመድ በመዘዘው ሽቦ ይቋጥረዋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ምጣዱ ከሳምንት ወዲህ ዳተኛ ሆኗል። ቶሎ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። የጠራሁት ሠራተኛ ይህ የመስመሩ ኃይል አንሶ እንደሆነ፣ ለመንዘሩም 63 አምፔር ብሬከር ማስገባት እንደሚበቃ ነግሮኝ ሄደ።

ገንዘቤ ሁሉንም ባንዴ አይችልም። ከብሬከሩ፣ ከሽቦውና ከኤርዙ የቱን ላስቀድም? የምታውቁ እባካችሁ።

ይህን ከለጠፍኩ አምስት ሳምንት አልፏል። መልሶቹ በዝተው፣ አንዳንዱም ከጥያቄው ርቆ ስለሄደ፣ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው እንዳይቸገር በየቁጥራቸው ልተርካቸው። ቃል በቃል አላሰፍርም፤ የያዙትን ነገር ነው።

1። የመጀመሪያው ሰው የእናቴን ደህንነት ጠይቆ ነው የጀመረው። ስለ ብሬከርም ስለ ሽቦም ሳያወራ፣ ምጣዱ ዛሬውኑ ከሶኬቱ እንዲነቀልና ማንም እንዳይነካው፣ እናቴም ወደ ሐኪም ቤት ሄዳ ልቧን እንድትታይ አሳሰበ። ኮረንቲ በደረት በኩል ካለፈ የልብ ምት ሊዛባ እንደሚችል፣ ሰውየው ቆሞ መሄዱ ብቻ ማረጋገጫ እንደማይሆን አስረዳ። በማግስቱ ወሰድኳት፤ ደህና ናት። ስለ ሽቦ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ስለ ሰው እንዲጠየቅ ያደረገ መልስ ስለሆነ እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

2። ሁለተኛው ምጣድ በመጠገን የሚተዳደር ነው። የሸክላው ምጣድ ከሥሩ ቦይ ወጥቶለት ሬዚስታንሱ በዚያ ውስጥ እንደሚዞር፣ በላዩም ጀሶ እንደሚለሰን ገለጠ። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጡ በስንጥቁ ወርዶ ሬዚስታንሱ ጋ ይደርሳል፤ እርጥበቱም ኮረንቲውን ወደ ቆርቆሮው ያሻግረዋል። እሱ ዘንድ ከሚመጡት ነዛሪ ምጣዶች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። የእኛን ገልብጠን አየነው። ስንጥቅም እርጥበትም አልነበረበትም። ምክሩ ለእኛ ባይሆንም፣ ምጣዷ የሚነዝራት ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ትይ።

3። ሦስተኛው የኔን ሠራተኛ ደገፈ። እሱ በራሱ ቤት 63 አምፔር አስገብቶ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጠፍቶበት እንደማያውቅ፣ ሽቦ ለውጡ የሚሉ ሰዎች ሽቦ ሻጮች እንደሆኑ ጻፈ።

4። ነገሩ የጠነከረው እዚህ ላይ ነው። ሃያ ዓመት በኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሠራ ሰው፣ ሦስተኛው የተመካበት ነገር ራሱ አደጋው እንደሆነ ነገረው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦን ነው። ሽቦው ከሚችለው በላይ ኮረንቲ ሲሄድበት፣ ሳይግልና ሳይቃጠል እንዲቆርጥለት ተብሎ የተሠራ ነው። ሂሳቡንም አወጣው፦ አንድ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ድሮ ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው) ሽቦ ደግሞ 15 አምፔር ቢሸከም ነው። ምጣዱ ላይ ካውያና ፍሪጅ ሲደረብ 20ን ያልፋል። ሽቦው በአቡጀዲው ላይ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ 63ቱ ግን ገና ሲሶውን ስላየ ዝም ይላል። አምስት ዓመት አለመጥፋቱ የጤንነት ምልክት እንዳልሆነ ካስረዳ በኋላ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ተረት ጨመረበት። ተረቱ ባይኖር ጥሩ ነበር፤ የሚቀጥለውን ጠብ ያመጣው እሱ ነው። ሂሳቡ ግን ልክ ነው፤ ወንድሜ በሸክላው ፊውዝ ላይ የሚቋጥረው ወፍራም ሽቦም ከ63ቱ ብሬከር የሚለየው ነገር እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው። ለስንት ዓመት ቤታችን ያለ ፊውዝ ነበር ማለት ነው።

5። ሦስተኛው ተመልሶ መጥቶ ተሰደብኩ አለ። ስለ ሽቦ አንድም ነገር አላነሣም።

6። አንዲት እህት በግቢ ውስጥ የተከራየች ናት። አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀሙት። አከራዩ ምጣድ ቢከለክልም ሁሉም ተደብቆ ይጋግራል፤ አንዷ ስትጀምር የሌላዋ አምፖል እንደሚፈዝ፣ ስለዚህ አምፖሉን አይተው ተራ እንደሚጠባበቁ ተረከች። ባለፈው ጥር ምጣዷን የሰካችበት ዲቫይደር ቀልጦ ከወለሉ ምንጣፍ ጋር ተጣበቀ። ልጇ ከዚያው ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ነበር። የጎማው ሽታ ቀሰቀሳትና ነቀለችው። የጠየቀችው፣ አከራዩ አላስተካክልም ካለ ተከራይ ምን ማድረግ ይችላል የሚል ነው። አራተኛው ሰው ያን ማታ ወዲያው መለሰላት፦ ምጣድ በዲቫይደር ፈጽሞ እንዳይሰካ፣ ከማከፋፈያው በቀጥታ ለምጣድ ብቻ የሚመጣ ባለ 4 ካሬ መስመር ጎረቤቶቹ አዋጥተው እንዲዘረጉና በተራ እንዲጠቀሙበት። አከራዩን ስለማስገደድ ማንም የረባ መልስ አልነበረውም፤ በዚህ አዝናለሁ።

7። ሰባተኛው በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማሩ፣ በኋላም ሲያስተምሩ የኖሩ። እሳቸው የጻፉትን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በመጀመሪያ ቃሉን አረሙን፦ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የባትሪ እንደሆነ፣ በቤት መስመር ያሉት ፌዝና ኒውትራል እንደሆኑ፣ ይህን ማደባለቅ በኋላ ወደ ስሕተት እንደሚያደርስ። ከዚያ ስለ አሮጌ ሽቦ ጻፉ። በእኛ ቤት ዕድሜ ያለ ሽቦ ልባሱ ጎማ ከሆነ፣ ጎማው በሙቀትና በዘመን ይደርቃል፤ ሲያጥፉት እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። ሳይነኩት ደህና መስሎ ይኖራል፣ ሠራተኛ መጥቶ ሶኬት ሲቀይር ግን ይፈርሳል። ስለዚህ ሶኬቱን ብቻ አሳምሮ አሮጌውን ሽቦ መተው ከሁሉ የከፋ ዕድሳት ነው አሉ። ለአገራችን የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 10 የሚባል ኮድ እንዳለ፣ የእኛ ቤት ግን ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ስለሚቀድም በምንም ሕግ ሳይለካ እንደኖረ አስታወሱ።

ከዚያም አር.ሲ.ዲ. የሚባለውን ዕቃ አነሡ። በፌዝ የሄደው ኮረንቲ በኒውትራል ተመልሶ መምጣቱን ሳያቋርጥ የሚያወዳድር ዕቃ ነው። 30 ሚሊ አምፔር እንኳ ከጎደለ፣ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ሄዷልና ከሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ሰውን የሚጠብቀው ይህ እንደሆነ፣ ብሬከር ግን 30 ሚሊ አምፔርን ጨርሶ እንደማያየው ለይተው ጻፉ።

8። አንድ ወጣት፣ አክብሮ ግን ጠንክሮ፣ ቤቱ ኤርዝ ከሌለው አር.ሲ.ዲ. ምን እንደሚሠራ ጠየቀ። መጀመሪያ ኤርዝ፣ ከዚያ ሌላው፤ እሱ የተማረው እንደዚያ ነው።

9። ሰባተኛው አባታችን የመለሱት የጠየቅኩትን ሁሉ የሚያዞር ስለነበር ሰፋ አድርጌ ልተርከው። ኤርዝ በሌለበትም አር.ሲ.ዲ. ይሠራል። ሰውየው ቆርቆሮውን ሲነካ ጉድለቱ ያኔ ይፈጠራል፣ ያኔም ይቆርጣል፤ ሰውየው ይነዘራል፣ ይደነግጣል፣ ግን ተጣብቆ አይቀርም። ኤርዝ ሲኖር ደግሞ ሰው ሳይነካው አስቀድሞ ይቆርጣል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይሻላሉ።

ብቻውን የቆመ ኤርዝ ግን እኛ እንደምናስበው አያድንም። በጥሩ መሬት የተቀበረ ብረት ኮረንቲን የሚቋቋምበት መጠን 20 ኦም ቢሆን፣ 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ብቻ ያልፋል። 16 አምፔር ብሬከር በ11 አይቆርጥም። ቆርቆሮው ኮረንቲ እንደያዘ፣ መሬቱም እየሞቀ ይቀጥላል። አር.ሲ.ዲ. ካለ ግን ኤርዙ ደካማ ቢሆንም፣ መቶ ኦም እንኳ ቢሆን፣ ለመቁረጥ የምታስፈልገው 30 ሚሊ አምፔር በቀላሉ ታልፋለች። ወጣቱ ሂሳቡን ራሱ ሠርቶ እንደመጣለት ጻፈና አመሰገነ።

ስለ ባሕር ዳር መሬት የጨመሩት ደግሞ የትም አላነበብኩትም። ከአፈሩ ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ብዙ ቦታ የኤርዝ ብረት ሁለት ሜትር ሳይወርድ ከድንጋይ ጋር ይጋጠማል። ሠራተኛው ብረቱን ቆርጦ አሳጥሮ፣ በላዩ ላይ ከሰልና ጨው ሞልቶ ይሄዳል። ጨው በክረምት ዝናብ ይታጠባል፣ ብረቱንም ይበላዋል። በነሐሴ ሲለኩት ጥሩ የነበረ ኤርዝ፣ በሚያዝያ መሬቱ ሲደርቅ ብዙ እጥፍ ይደክማል። ድንጋይ ካጋጠመ በጎን ረዘም ያለ ቦይ ቆፍሮ ባዶ የመዳብ ሽቦ ማጋደም እንደሚሻል፣ መለካትም በሚያዝያ እንደሆነ መከሩ።

10። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ሦስተኛ ዘር ለሌለው ቤት ቀላሉ መላ፣ በሶኬቱ ውስጥ የኒውትራሉን ብሎን ከኤርዙ ብሎን ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት እንደሆነ፣ በሠራበት ቦታ ሁሉ ያደረገው እንደዚያ እንደነበር ጻፈ። ኒውትራል ዞሮ ዞሮ ከመሬት የተያያዘ አይደለም ወይ ነው ክርክሩ።

11። አራተኛው ሰው፣ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቱ አልቆ፣ ያንን የሚያደርግ ሠራተኛ ሰው እንደሚገድል በግልጽ ጻፈ። የቃሉን ክብደት አልወቅሰውም። ምክንያቱም እንዲህ ነው፦ ኒውትራሉ ደህና እስከሆነ ድረስ ምንም አይሰማም። ከዚያ ሶኬት በፊት ባለ አንድ መጋጠሚያ ላይ ኒውትራሉ ከላላ ወይም ከተቃጠለ ግን፣ በዕቃው ውስጥ ያለፈው ኮረንቲ መመለሻ ያጣና በዚያች አጭር ሽቦ ወደ ዕቃው ቆርቆሮ ይወጣል። የሚጠበቀው አካል ራሱ ፌዝ ይሆናል። ምልክቱንም ጻፈ፦ ከመያዙ በፊት ዕቃው ይደክማል፣ ምጣድ ከሆነ አይግልም፣ ምክንያቱም ቮልቱ በላላው መጋጠሚያ ላይ ይቀራል።

ይህን ሳነብ ምጣዱ ዳተኛ ሆኗል ያልኩት ትዝ አለኝ። ሌሊት ነበር። ጠዋት ዋናውን አጥፍቼ፣ በቴስተር አረጋግጬ፣ የጓዳውን ሶኬት በካቻቢቴ ፈታሁት። አጭሯ ሽቦ እዚያ ነበረች፤ ከኒውትራሉ ወደ ኤርዙ፣ በጥንቃቄ የተጠመዘዘች። ከበሩ በላይ ያለውን መጋጠሚያ ደግሞ ፈታሁ፤ ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል፣ ናስትሮው ከውስጥ ከስሏል፣ የኒውትራሉ መዳብ ጠቁሮ በጣት ሲነካ ይንቀሳቀሳል። ፎቶውን 11ኛው ሥር ለጠፍኩት። የመስመሩ ኃይል አላነሰም ነበር። በዚያች ጠዋት 63 አምፔር ብሬከር ቢገባልን ኖሮ፣ እናቴ በሚቀጥለው ሐሙስ ያንኑ ቆርቆሮ ትነካ ነበር።

አሥረኛው ሰው ፎቶውን አይቶ፣ እንደዚያ ያደረገባቸውን ቤቶች ዞሮ እንደሚያወልቅ ጻፈ። ቃሉን እንደሚጠብቅ አምናለሁ።

12 እና 13። ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ጢስ ዓባይ ሄደ። አንዱ በዓባይ ላይ ተቀምጠን መብራት መብረቅረቁ እንደሚያስቆጨው አነሣ። ሌላው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እንደነበር፣ ከተማዋ ከፋብሪካው ጋር እንደተወለደች፣ ሁለተኛው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጨመር 73 ሜጋ ዋት ቢያመጣም ፏፏቴውን እንዳሳሳው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ ከሐይቁ በዋሻ በሚወሰድ ውኃ 460 ሜጋ ዋት እንደሚያመነጭ ጻፈ። የሚያመነጨው ሌላ፣ ወደ ሰፈር የሚያከፋፍለው ሽቦና ትራንስፎርመር ሌላ መሆኑን ማስረዳቱ ጠቃሚ ነበር። ስለ ፏፏቴው የድሮ ነጎድጓድ የጻፈው ከርዕሱ ውጭ ቢሆንም፣ ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ሄጄ ጤዛው ፊቴን ያራሰበትን ቀን አስታወሰኝና ደስ አለኝ።

14። አንዱ ደግሞ ደስ አላለውም። ሰው ሊሞት በነበረበት ወሬ ውስጥ ስለ ፏፏቴ ማውራት ነውር ነው ብሎ በቁጣ ጻፈ። ለጥቂት ቀን ማንም አልመለሰም።

15። ዝምታውን የሰበረው ሐይቁ ዳር ባለ የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ሰው ነው። በሐይቁ ዳር እርጥበቱ ሁሉን ይበላል፤ ከምሰሶ የሚመጣው አሉሚንየም ከቤቱ መዳብ ጋር በባዶው ከተጠመዘዘ፣ አሉሚንየሙ በእርጥበት ይበላልና መጋጠሚያው ይላላል፣ ለሁለቱም ተብሎ የተሠራ ማገናኛ ያስፈልገዋል። የውጭ አምፖል መያዣ ውስጥ ትንኝ እየሞተ ይከማቻል፤ እርጥበት ይዞ ኮረንቲ ያሻግራል፤ እሱ በየወሩ ይጠርገዋል። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት ደመናው ከሐይቁ ሲነሣ ደግሞ ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን ከሶኬቱ ይነቅላል። ባለፈው ክረምት ያልነቀለው አንድ ክፍል ሁሉም ዕቃ ተቃጥሎበታል።

16። ይህን ተከትሎ አራተኛው፣ ዕቃ የሚያቃጥለው መብረቅ ብቻ እንዳልሆነ አስታወሰ። የሰፈሩ ኒውትራል ከምሰሶው ላይ ከተበጠሰ፣ ወደ ቤት የሚገባው ቮልት እስከ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ አምፖሎች በድንገት በጣም ሲደምቁ ያ ነው፣ ወዲያው ዋናውን ማጥፋት ነው። ቮልት ሲበዛም ሲያንስም የሚቆርጥ መከላከያ በማከፋፈያው ሳጥን ውስጥ ማስገባት ለእያንዳንዱ ዕቃ ስታቢላይዘር ከመግዛት ይቀድማል።

17። አንድ ነጋዴ መብራት ሲጠፋ ስለሚጠቀምበት ብልሃት ጻፈ። በሁለቱም ጫፉ ስፒና ያለው ገመድ አሠርቶ፣ ጄኔሬተሩን በሱቁ ሶኬት ይሰካዋል፤ ቤቱ ሁሉ ይበራል። ዋናውን ማጥፋት አንዳንዴ እንደሚረሳ፣ ያኔ ጎረቤትም እንደሚበራለት እንደ ቸርነት ጨመረበት።

18። ለዚህ የመለሰው በምሰሶ ላይ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። ከሁሉም መልስ አጭሩና ከባዱ ይህ ነበር። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ከሱቅ ወደ ምሰሶ የወጣው 220 ቮልት በትራንስፎርመሩ ሲመለስ ወደ 15 ሺህ ቮልት ያድጋል። ከላይ ያለው ሠራተኛ መስመሩ ተቆርጧል ብሎ በእጁ ይይዘዋል። አብሮት የወጣ ጓደኛው እንዲህ እንደሞተ ጻፈ። ሁለት ስፒና ያለውን ገመድ ዛሬ እንዲቆርጠው፣ መስመሩንና ጄኔሬተሩን አብረው እንዳይገናኙ የሚያደርግ መቀያየሪያ ማብሪያ እንዲያስገባ ለመነው። ለመነው ነው የምለው። ነጋዴው ገመዱ ለሁለት ተቆርጦ የሚያሳይ ፎቶ በዚያው ሰዓት ለጠፈ፤ ምንም አልጻፈበትም።

19። አንዲት እናት በቀበሌ ቤት የሚኖሩ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ግድግዳ መንካት ስለማይችሉ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቁ። አባታችን፣ ግድግዳ ሳይሰበር በላዩ በፕላስቲክ ቱቦ መዘርጋት እንደሚቻልና ለጭቃ ቤት የሚሻለውም ይኸው እንደሆነ መለሱላቸው። ምስጥና አይጥም ቱቦውን አልፈው ሽቦውን በቀላሉ አያገኙትም።

20። አራተኛው ለጥያቄዬ ቀጥተኛ ቅደም ተከተል ሰጠኝ። አጭሯን ሽቦ ማውጣትና የተቃጠለውን መጋጠሚያ ቆርጦ በብሎን ማገናኛ ማሠር፣ ይህ ዛሬ። ከዚያ ማከፋፈያ ሳጥን፣ ዋና አር.ሲ.ዲ.፣ ለአሮጌው አምፖል መስመር 10 አምፔር ብሬከር። ከዚያ ለምጣድ ብቻ ባለ ሦስት ዘር 4 ካሬ መስመር በ20 አምፔር ብሬከር፣ አብሮም ኤርዙ። የክፍሎቹ ሽቦ በመጨረሻ፣ ገንዘብ ሲገኝ። ከቆጣሪው በፊት ያለውንና የቆጣሪውን ማኅተም እንዳልነካ፣ እዚያ ችግር ካለ ወደ 905 እንድደውል፣ የምጠራው ሰው ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን አሳሰበ። ስለ ዋጋ ብዙዎች ጠይቀው ነበር፤ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር አልጽፈውም።

21። ሦስተኛው ሰው እንደገና መጣ። አምስት ዓመቱን ደገመው። ማንም አልመለሰለትም። እኔ በውስጥ መስመር የመጋጠሚያዬን ፎቶ ልኬለታለሁ፤ አይቶታል።

22። ይህ የራሴ ነው። ሥራውን አሠራሁ። የኤርዙ ብረት ክንድ ተኩል ሳይወርድ ድንጋይ አገኘው፣ እንደተባለውም ሆነ። ከጓዳው ጀርባ፣ የዕቃ ማጠቢያው ውኃ በሚፈስበት ለምለም ቦታ ስድስት ሜትር ቦይ ቆፍረን ባዶ መዳብ አጋደምን። የምጣዱ መስመር አልቋል፤ እናቴ ቅዳሜ ጋገረች፣ እንጀራው ዓይን አውጥቷል። አንድ ነገር ግን ከበደኝ፦ የሁለቱን መኝታ ክፍሎች አሮጌ መስመር ስናስገባ አር.ሲ.ዲ.ው ወዲያው ይቆርጣል። ሠራተኛው ያንን መስመር ከአር.ሲ.ዲ.ው በፊት ላሳልፈው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

23። አባታችን በሩብ ሰዓት ውስጥ መለሱ። ፈጽሞ እንዳይደረግ። ዕቃው የቆረጠው ያየው ነገር ስላለ ነው፤ መስመሩ ተለይቶ ጠፍቶ ይደርና ኮርኒሱ ይከፈት። ሽቦው የሚያልፍበትን አቡጀዲ ከላይ በኩል እንድመለከት ነገሩኝ።

24። ዛሬ ከሰዓት ከፈትነው። አይጥ ሽቦውን ከክንድ በላይ ልጣጩን ልጣ፣ ሁለቱ ዘሮች ተራቁተው በጨርቁ ላይ ተኝተዋል። ከሥራቸው ያለው አቡጀዲ የመዳፍ ያህል ስፋት ቡናማ ሆኗል፣ መሐሉ ጠቁሮ በጣት ሲነካ ይበሳል። ቀጥታ ከሥሩ የእህቴ ልጆች አልጋ ነው። ፎቶው ከዚህ በታች አለ፤ ልጆቹን ወደ እናቴ ክፍል አዛውረናቸዋል፣ ነገ ጠዋት አቡጀዲው በሙሉ ይወርዳል።